ስምንተኛዋ ባቄላ

የወንድሜ ልጅ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ አዲስ ቤት ሠርታ የገባች ሰሞን አንድ ነገር ለመነችኝ። «አክስቴ፣ የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ ጻፊልኝ፤ ልጆቼ ከአያታቸው በላይ ማንንም አያውቁም» አለችኝ። እሺ አልኳት። ለዚህ ሥራ ያለኝ ምንጭ አንድ ብቻ ነው፤ አጎቴ ተስፋዬ በእጁ የጻፈው ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር። አርባ ዓመት ያህል ከሻንጣዬ ሥር ኖሯል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ገልጬው አላውቅም። ባለፈው ጾም ገለጥኩት፤ እየገለበጥኩ እየጻፍኩ አንድ ገጽ ላይ ስደርስ ብዕሬን አስቀመጥኩ።

በዚያ ገጽ ላይ ያየሁትን ከመናገሬ በፊት አያቴ በመጨረሻ ዘመኗ ያደረገችውን መናገር አለብኝ። ካልሆነ ነገሩ አይገባችሁም።

አያቴ ጥሩወርቅ ትባላለች። ከተጉለት ባሏን ተከትላ ሐዋሳ የገባችው ከተማዋ ገና ጥቂት ጎዳና ብቻ በነበራት ጊዜ ነው። ባሏ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ቀድሟት ሞተ። እናቴ ስትሞት እኔን ወስዳ አሳደገችኝ፤ ወንድሜ ከአባታችን ጋር ቀረ። እማማ እላት ነበር፤ ሌላው ሰው ሁሉ አንቱ ሲላት እኔና የመጨረሻ ልጇ ተስፋዬ ብቻ አንቺ እንላት ነበር። ተስፋዬ የታሪክ መምህር ነበር። ሦስታችን አንድ ቤት እንኖር ነበር፤ ከሐይቁ ብዙ የማይርቅ የጭቃ ቤት።

እማማ ቆጣሪ ነበረች። በአገራችን ወግ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይዳርም። የወንዱና የሴቷ አባቶች እስከ ሰባት ድረስ ይቆጠራሉ፤ በሰባት ውስጥ አንድ አባት ላይ ከተገናኙ እህትና ወንድም ናቸውና ጋብቻው ይቀራል። በአንደኛው ወገን ብቻ እንኳ ቢሆን ስምንተኛው ላይ ከተገናኙ ግን ምንም አይደለም፤ ይጋባሉ። ሐዋሳ ያሉ የተጉለት ሰዎች ልጅ ሊድሩ ሲሉ እማማ ዘንድ ይመጡ ነበር። እሷም ሰፌድ ላይ ባቄላ ትደረድራለች፤ ለወንዱ አንድ ረድፍ፣ ለሴቷ አንድ ረድፍ። ለእያንዳንዱ አባት አንዲት ባቄላ። ዓይኗ ሲደክምም አፏ አይስትም ነበር። ተስፋዬ አጠገቧ ተቀምጦ የምትለውን በሰማያዊው ደብተር ይጽፍ ነበር። «ስትሞቺ ይህ ሁሉ አብሮሽ እንዳይቀበር» ይላታል። «አንተ ትቀብረኛለህ፣ ስሙ እንዴት ይቀበራል?» ትለዋለች።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አታውቅም። «በቆጠራ የዋሸ ወንድምና እህት ያጋባ ነው» ትል ነበር።

ከዚያ የቀበሌው ስብሰባ መጣ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የቀበሌያችን ሰው ሁሉ ተጠርቶ አዳራሹ ሞልቷል። መድረኩን የያዘው አስናቀ ይመር የሚባል ወጣት ካድሬ ነው። ስለ ፊውዳሎች ብዙ ተናገረ። ቀጥሎ ፊት ለፊት የተቀመጠችውን አያቴን አየና ፈገግ አለ።

«እናቴ፣ ቆጣሪ ናቸው ሲሉ ሰምቻለሁ። እስኪ የራስዎን ዘር ይቁጠሩልን፤ ወጣቱም ይማር።»

ሰዉ ሳቀ። አያቴ ደስ አላት። እኔ አጠገቧ ነበርኩና ደስ እንዳላት አውቃለሁ። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«ጥሩወርቅ የደምሴ፣ ደምሴ የወልደሚካኤል፣ ወልደሚካኤል የፊታውራሪ እንግዳ…»

«ይበቃል እናቴ» አላት፤ ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። «ጓዶች፣ ሰማችሁ? በገዛ አፋቸው ነው። የፊታውራሪ ዘር ልጆቻችንን ታሪክ እያስተማረ ነው።»

ዞር ስል ተስፋዬ ከኋላ ግድግዳው ሥር ቆሞ ግንባሩን በመዳፉ ይዞ አየሁት። ፊታውራሪ እንግዳ የሞቱት አያቴ ሳትወለድ ነው። ከእሳቸው የወረሰችው ቆጠራውን ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ተስፋዬን ወሰዱት። አሥራ አንድ ቀን ምሳ አመላለስኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠባቂው ሳህኑን መለሰልኝና «ከእንግዲህ አትድከሚ» አለኝ። ማልቀስ ክልክል ነበር። ጥቁር መልበስ ክልክል ነበር። ድንኳን የሚተክል የለም፤ የሚመጣም የለም። የመጣው ዱካለ ብቻ ነው፤ ሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል ዓሣ የሚያጠምድ የሲዳማ ሰው፣ ጎረቤታችን። ሁለት ዓሣ በገመድ አንጠልጥሎ ገባ፤ ምንም ሳይናገር ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ፤ ዓሣውን ትቶ ወጣ።

አያቴ አላለቀሰችም። ባቄላውን ለጎረቤት ሰጠች፤ ሰፌዱን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ልጅ ሊድሩ የሚመጡትን «ረስቼዋለሁ» እያለች ትመልሳቸው ጀመር። ደብተሩን እኔ ወስጄ ደበቅሁት። አንዳንድ ቀን ጥጥ እየፈተለች ሳለ ሳይጠይቋት እንዲህ ትላለች፦ «አንድ ስም ብዘል ኖሮ። አንድ ስም ብቻ።»

ስድስት ዓመት አለፈ። መንግሥት የራሱን ፓርቲ ሊመሠርት ጥቂት ወራት የቀሩት ጊዜ ነበር። እኔ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኛለሁ። ሥራዬ በብዛት የዕጩ አባላትን የሕይወት ታሪክ በታይፕ መምታት ነበር። እያንዳንዱ ዕጩ አባቱ ማን እንደሆነ፣ አያቱ ማን እንደሆነ፣ ምን መሬት እንደነበራቸው ይጽፋል። እኔም ራሴ ስቀጠር እንዲህ ያለ ቅጽ ሞልቻለሁ። «በፖለቲካ የታሰረ ወይም የተቀጣ ዘመድ» ለሚለው «የለም» ብዬ ጻፍኩ። የምጠራው በአባቴ ስም ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም። ይህን ብደብቅ የምነግራችሁ ታሪክ እውነት አይሆንም።

አስናቀ በዚያ ጊዜ ትልቅ ሰው ሆኖ ነበር። የእሱንም ታሪክ የመታሁት እኔ ነኝ። ሲያመጣልኝ ቀና ብሎ ፊቴን እንኳ አላየም። «አያቴ ተክሌ ገብሬ በባላባት መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነው ኖረው ጭሰኛ ሆነው ሞቱ» ይላል። የጭሰኛ የልጅ ልጅ ነውና የባላባት ዘር ቢጠላ ምን ይገርማል ብዬ መታሁት። ጥላቻዬን ግን አልቀነሰልኝም።

አንድ ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ቤታችን እንግዳ ተቀምጦ አገኘሁ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያደረገ፣ ረጅም ዘንግ የያዘ የገጠር ሽማግሌ ነው። አያቴ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ትፈትላለች።

«ረስቼዋለሁ አልኩዎት እኮ፣ አቶ ደጀኔ።»

«እሜቴ ጥሩወርቅ፣ አንቱ የረሱትን ማን ያውቀዋል? ከተጉለት ድረስ በአውቶቡስ ተንገላትቼ የመጣሁት ለዚሁ ነው። የወንድሜ ልጅ ሚስት ሊያገባ ነው። የልጅቱ እናት ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጠላ አልጠምቅም ብላለች።»

«ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

«እንግዲያስ እኔው ልቁጠር፤ ስሳሳት ይሳቁብኝ!» አለና ዘንጉን መሬት ላይ መታ አደረገ። ቆጠራ የሚወድ ሰው ነበር። «አስናቀ የይመር፣ ይመር የግራዝማች ከበደ፣ ከበደ የኃይሌ፣ ኃይሌ የሣህሌ፣ ሣህሌ የፊታውራሪ እንግዳ!»

እንዝርቱ ቆመ።

እኔ በሩ ላይ እንደ ቆምኩ ቀረሁ። ከሦስት ወር በፊት በገዛ ጣቶቼ «ይመር ተክሌ» ብዬ መትቻለሁ።

«የቱ አስናቀ ነው?» አለች አያቴ ቀስ ብላ።

«ጓድ አስናቀ ነዋ! እዚህ አገር የማያውቀው አለ?»

«እሱ ራሱ ይህን ቆጠራ ያውቀዋል?»

ሽማግሌው በኩራት ሳቀ። «ምን ማለትዎ ነው? ከጡት ጋር ነው ያጠባነው። በአምስት ዓመቱ እንግዳ ፊት አቁመን ስናስቆጥረው ፊታውራሪ እንግዳ ላይ ሲደርስ ይፎክር ነበር።»

አያቴ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አጋደመችው። የተረዳሁት እሷ በተረዳችበት ጊዜ ነው። ያን ቀን በአዳራሹ «ይቁጠሩልን» ያላት መልሱን ስለሚያውቅ ነው። ፊታውራሪው የእሱም አባት ናቸው። ስማቸውን በልጅነቱ እየፎከረ ያደገ ሰው፣ በዚያው ስም ተስፋዬን ገደለው።

«ዘመዴ ነዋ» አለች አያቴ።

«ዘመድማ ነን!» አለ ሽማግሌው ደስ ብሎት።

«ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ይምጡ። ግን በአማላጅ አፍ አልቆጥርም። ልጁ ራሱ ይምጣ፤ የልጅቱም አባት ይምጣ። እያንዳንዱ በገዛ አፉ ይቆጥራል።»

ሽማግሌው ሁለት ጊዜ እጅ ነሥቶ ወጣ።

ሐሙስ ለምሳ ቤት ስመጣ ስለ ቅጹ ነገርኳት።

«ተክሌ አለ? ተክሌ ገብሬ?» አለች።

«አዎ። ታውቂዋለሽ?»

«የግራዝማች ከበደ ጭሰኛ ነበር። ደግ ሰው። ልጅ አልወለደም።»

«እንግዲያማ አበቃለት! አሁኑኑ ሄጄ ለአለቃዬ እነግራለሁ። ቅጹን የሚመረምሩት እሳቸው ናቸው፤ የአስናቀ እጮኛም የእሳቸው ልጅ እንደሆነች ቢሮው ሁሉ ያውቃል፤ ጓድ ወርቁ ናቸው።»

«ከተናገርሽ ከሳሽ ነሽ። ከሳሽ አንቺ የማን ነሽ ተብሎ ይጠየቃል። የማን ልትይ ነው?»

ለመሄድ ያነሣሁትን ነጠላ መልሼ አስቀመጥኩ።

«ወርቁ የማን?» አለችኝ።

«ወርቁ በለጠ።»

«በለጠ የጫኔ» አለች ለራሷ። ከዚያ በላይ ያለውን ከንፈሯ ብቻ ተናገረው። ጣቶቿን ስታጥፍና ስትዘረጋ፣ እንደገና ስታጥፍ አየኋት። በመጨረሻ «ስትመለሺ ባቄላ ይዘሽልኝ ነይ» አለችኝ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ባቄላ ቤታችን ገብቶ አያውቅም ነበር።

ዓርብ አስናቀ ብቻውን መጣ። መኪናውን ራቅ አድርጎ አቁሞ በእግሩ ነው የመጣው። ወፍሯል። በሩን ስከፍትለት ትኩር ብሎ አየኝ።

«አንቺ የኛ ታይፒስት አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ጥሩ» አለ። እንዲህ ሲለኝ ጥሩ እንዳልሆነ ገባኝ።

አያቴ አልተነሣችም። በርጩማ አሳየችው፤ ተቀመጠ። አላወቃትም። እየጠበቅሁ ፊቱን አየሁ፤ ምንም የለም። ያን ቀን በአዳራሹ ያቆማት ሴት እንደሆነች ከቶ ትዝ አላለውም።

«እማማ፣ አጎቴ ረቡዕ እዚህ መጥተው ነበር አሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ይዘባርቃሉ። የሰውን ዘር ከሰው ዘር ይቀላቅላሉ። ያሉትን ሁሉ እንዲረሱልኝ ነው የመጣሁት።»

«እኔም ሽማግሌ ነኝ፣ እረሳለሁ።»

«ነገ የምቆጥረው እኔ ነኝ። እኔ ከምለው ሌላ እንዲጨመር አልፈልግም።»

«ካንተ አፍ የወጣውን እቀበላለሁ። የሌላ ሰው ቃል አልጨምርብህም። ይኸው፣ ልጅቷም ትስማ።»

ልጅቷ ያለችው እኔን ነው። አስናቀ ዞር ብሎ አየኝ። «ልጅቷ ሥራዋን የምትወድ ትመስለኛለች» አለ።

«እንጀራዋ ነው» አለች አያቴ።

ቀለል አለው። ተነሥቶ ኮቱን አስተካከለ። በሩ ላይ ደርሶ «ጋብቻውን የሚነካ ነገር አይኖርም አይደል?» አለ ሳቅ ብሎ፤ «ብርሃኔን እወዳታለሁ።»

ይህን ሲል ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። እውነቱን ነው ብዬ አመንኩት። ስላመንኩት ይበልጥ ጠላሁት።

«ነገ ባቄላው ይናገራል» አለችው።

ሲሄድ «ምን ልታደርጊ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። «እሱ ያለውን» ብላኝ ወደ ፈትሏ ተመለሰች።

ቅዳሜ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ነበረ። በሩ እንዳይመታ ድንጋይ አስደገፍኩት። መጀመሪያ የመጣው ጓድ ወርቁ ነው፤ ክብ ፊት ያለው፣ ሳቂታ፣ በቢሮም ሰው የማይሰድብ አለቃ ነበር። እኔን ሲያይ ደነገጠና «አልማዝ! ይህ ያንቺ ቤት ነው? ለመሥሪያ ቤት እንዳታወሪብኝ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፓርቲ ሌላ፣ ደም ሌላ። ባለቤቴ ጌሾውን ይዛ ተቀምጣለች፤ ካልተቆጠረ አልጠነስስም ብላ።»

ቀጥሎ አስናቀ ገባ፤ ከኋላው አጎቱ አቶ ደጀኔ። ሽማግሌው የረቡዕ ዕለት ሰው አልነበረም። ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

አያቴ ሰፌዱን ከግድግዳ አስወረደችኝ። ባቄላውን በሳህን አቀረብኩላት። ከሳህኑ በቀኝ እጇ አንድ በአንድ እየቆጠረች ወደ ግራ መዳፏ ጨመረችና ግራ እጇን ጨበጠች።

«ወንዱ ይነሣ» አለች።

አስናቀ ቁጭ ብሎ ሊጀምር ነበር። «በወጋችን ቆሞ ነው» አለችው። እንዲህ ያለ ወግ የለም። ተነሣ።

«አስናቀ የይመር…» አለና ቆመ። አጎቱን በዓይኑ ጠርዝ አየው። ጓድ ወርቁ አበረታታው፦ «ቁጠር እንጂ፣ ምን ታፍራለህ! በቅጽህ ላይ አንብቤዋለሁ፤ የሚያኮራ ዘር ነው።»

«ይመር የተክሌ» አለ አስናቀ።

የሽማግሌው ዘንግ ወለሉ ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አነሣው።

«ተክሌ የገብሬ። ከዚያ በላይ አላውቅም።»

ሦስት ባቄላ ሰፌዱ ላይ ተቀመጠ። አያቴ ቀና ብላ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አቶ ደጀኔ፣ እርስዎ አጎቱ ነዎት። ልጁ የቆጠረው ልክ ነው? የወንድምዎ የይመር አባት ተክሌ ነው?»

ሽማግሌው ዘንጉን በሁለት እጁ ጨበጠ። የገዛ አባቱን ካድ ነው የተባለው። አስናቀ አላየውም፤ ፊት ለፊት ግድግዳውን ነው የሚያየው።

«ልጁ… ያለው ነው» አለ ሽማግሌው። ባርኔጣውን አደረገ፣ ዘንጉን ያዘ፣ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። ከዚያ በኋላ አይቼው አላውቅም።

«ምነው ሄዱ?» አለ ጓድ ወርቁ።

«አየሩ አልተስማማቸውም» አለ አስናቀ።

«ከገብሬ በላይ እኔ ልቀጥልልህ» አለች አያቴ። «ተክሌን አውቀው ነበር፤ አባቶቹንም አውቃለሁ። ገብሬ የወልዴ፣ ወልዴ የአየለ፣ አየለ የውቤ።» ስድስት ባቄላ። «አሁን የሴቷ አባት።»

ጓድ ወርቁም ተነሣ፤ ሳይባል። «ብርሃኔ የወርቁ፣ ወርቁ የበለጠ፣ በለጠ የጫኔ። ከዚህ በላይ እኔም ደሃ ነኝ፣ እማማ፤ ይቁጠሩልኝ።»

«ጫኔ የእጅጉ» አለች። ባቄላ። «እጅጉ የደበበ።» ባቄላ። «ደበበ የወንድሙ።» ባቄላ። እዚህ ላይ እጇ ትንሽ ቆየ። ዓይኗ ስለደከመ መስሎኝ ሰፌዱን ጠጋ አደረግሁላት። «ወንድሙ የውቤ።»

ሰባተኛዋን ባቄላ አስቀመጠችና በጣቷ ገፋ አድርጋ ከአስናቀ ረድፍ ስድስተኛ ባቄላ ጋር አገናኘቻት።

«ተገናኙ» አለች። «በሰባተኛው ቤት። እህትህ ናት።»

አስናቀ ሰፌዱን አየ። ሁለት ረድፍ ባቄላ ነው፤ አዲስ ነገር አይታይበትም። ግን እንደዚያ ሲያይ ሌላ ሰው አይቼ አላውቅም። አፉን ከፈተ። «ተክሌ አያቴ አይደለም» ቢል ልጅቱ የእሱ ናት፤ ግን ቅጹን ያነበበው ሰው አጠገቡ ቆሟል። አፉን መልሶ ዘጋ።

ጓድ ወርቁ ግን ጉድ አደረገን። በመጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ፊቱ በራ። አስናቀን አንገቱን አቅፎ ሳመው።

«ወንድሜ ሆንክ እኮ! ሚስት ብታጣ ዘመድ አገኘህ! የተክሌ ልጅ! እኔኮ ከአባቴ ወገን ማንም የለኝም ብዬ ነበር። አልማዝ፣ ሰኞ አንድ ደብዳቤ ትመቺልኛለሽ፤ ለአገር ቤት እጽፋለሁ። የተክሌን ወገን በሙሉ ፈልጌ አሰባስባለሁ።»

«አያስፈልግም፣ ጓድ ወርቁ» አለ አስናቀ፤ ድምፁ ደርቋል።

«እንዴት አያስፈልግም? ደም ነው!»

ጓድ ወርቁ ለሚስቱ ሊነግር ቀድሞ ወጣ። አስናቀ ሲከተለው አያቴ ጠራችው። በስሙ አልጠራችውም።

«አንተ ሰው። ስድስት ዓመት ሆነው፤ በቀበሌው አዳራሽ ይቁጠሩ አልከኝ፣ ቆምኩና ቆጠርኩ። ዛሬ ቁጠር አልኩህ፤ ቆምክና ቆጠርክ።»

ያን ጊዜ አወቃት። ፊቱ አመድ ሆነ። «ልጅዎ… ማን ነበር ስሙ?» አለ። ስሙን እንኳ አያስታውስም ነበር።

«ስሙን ካንተ አፍ አልፈልገውም። ሂድ።»

ሲሄድ አያቴ ግራ እጇን ፈታች። መዳፏ ላይ አንዲት ባቄላ ቀርታ ነበር። አፏ ውስጥ ጨመረቻት። ጥርስ ስላልነበራት እስክትርስ ድረስ በጉንጯ ይዛ ቆየች፤ ከዚያ በድዷ አላምጣ ዋጠቻት። ጥሬ ባቄላ ለምን እንደበላች አልጠየቅኋትም። የእርጅና ነገር መሰለኝ።

ደብዳቤውን ሰኞ መታሁ። መልሱ ከአገር ቤት ለመምጣት ሁለት ወር ፈጀ፦ ተክሌ ገብሬ ልጅ ሳይወልድ እንደሞተ ሦስት ሽማግሌዎች ምለው መሰከሩ፤ አስናቀ ይመር የግራዝማች ከበደ የልጅ ልጅ እንደሆነም ሳይጠየቁ ጨመሩ። ጓድ ወርቁ ሲያነበው አጠገቡ ነበርኩ። አልተቆጣም። ዘመድ የሞተበት ሰው ይመስል ነበር። ቀጥሎ የአስናቀን የእገዳ ደብዳቤ እንድመታ ሰጠኝ። ሦስት ቅጂ አድርጊ አለኝ፤ አራት አደረግሁ። አራተኛውን ቤት ወስጄ ለአያቴ አነበብኩላት። «እንደገና አንብቢው» አለችኝ። አነበብኩ። ሦስተኛ ጊዜም አነበብኩ።

ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ደረቷን እየመታች «ተስፋዬ» አለች። ስድስት ዓመት የተከለከለችውን ልቅሶ በሩን ክፍት አድርጋ አለቀሰች፤ ማንም መጥቶ አልከለከላትም። ዱካለ ሰምቶ መጣ፤ እንደ ድሮው ዝም ብሎ ተቀመጠ። ይህን ጊዜ ግን እሱም አለቀሰ። አያቴ ክረምቱን አልጨረሰችም፤ እኔ ቀበርኳት።

አስናቀ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተላከ ሲባል ሰማሁ። ይመለስ አይመለስ አልጠየቅሁም። ጓድ ወርቁን፣ ዘመዶቹን፣ ማንንም መጠየቅ እችል ነበር። ብርሃኔን ከብዙ ዓመት በኋላ ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ አየኋት፤ ሴት ልጅ ይዛለች። ሰላም አለችኝ። የተበደለችው እሷ ናት የምትሉ ካላችሁ አልከራከራችሁም።

አሁን ወደ ደብተሩ እንመለስ። ብዕሬን ያስቀመጥኩበት ገጽ አናቱ ላይ በተስፋዬ እጅ ጽሕፈት «የጫኔ ቤት» ይላል። ሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ ጫኔ የእጅጉ፣ እጅጉ የደበበ፣ ደበበ የወንድሙ፣ ወንድሙ የኃብቴ፣ ኃብቴ የውቤ።

ኃብቴ። በጣቴ ቆጠርኩ። እንደገና ቆጠርኩ። ከወርቁ ተነሥቶ ውቤ ስምንተኛ ነው። በሐሰተኛው ቆጠራ እንኳ አስናቀና ብርሃኔ መጋባት ይችሉ ነበር። አያቴ ሐሙስ ዕለት ጣቷን ስታጥፍና ስትዘረጋ ይህን አውቃለች። በቆጠራ ዋሽታ የማታውቀው ሴት፣ እውነት በመናገሯ ልጇን ያስገደለችው ሴት፣ በሕይወቷ አንድ ጊዜ አንድ ስም ዘለለች። መዳፏ ላይ ቀርታ ያየኋት ባቄላ ኃብቴ ነበር።

እናንተ የምታነቡት ምን እንድል እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። በቀል ባዶ ነው፣ ይቅርታ ይሻላል እንድል። የሚሻለውን አላውቅም። የማውቀው ይህን ነው፦ ከዚያ ቅዳሜ በፊት እውነት ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ትመስለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፤ ሲጠይቁኝም መጀመሪያ የማየው የጠያቂውን ዓይን ነው። የአያቴ በደል ከባድ ይሁን ቀላል እግዚአብሔር ይመዝነው። እኔ ሌላ ነገር ነው የማስበው፤ ያን ሁሉ ዓመት ፈትል ይዛ «አንድ ስም ብዘል ኖሮ» ስትል የነበረው ድምፅ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ከቤታችን ጠፋ።

ደብተሩ ላይ ያሉትን የሌሎችንም ቤቶች ሳልተው፣ ለወንድሜ ልጅ የምሰጠውን ጽሑፍ ትናንት ጨረስኩ። የተስፋዬን ስም ከሁሉ አጉልቼ ጻፍኩት፤ በቅጼ ላይ «የለም» ያልኩት ሰው ነውና። የጫኔ ቤት ላይ ስደርስ «ወንድሙ የውቤ» ብዬ አለፍኩ። ኃብቴ ምንም አልበደለንም፤ አውቃለሁ። ግን ያችን ባቄላ አያቴ በልታታለች፤ እኔ ወደ ሰፌዱ አልመልሳትም።